ሳንሬሞ ላይ የበላሁት

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ግራ ጉልበትሽስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ይጮኻል? ልጆቹ ትምህርቱን እንዴት ያዙት? ሳሪስ ውሃ በሰዓቱ ይመጣል ወይስ ጀሪካኑ አሁንም በር ላይ እንደተደረደረ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ካንቺ ድምፅ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ ጽፌ ነበር። የጎደለብን ምን እንደሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ሰርዤዋለሁ። እላይ የተሰረዘ ቦታ ካየሽ እሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሳንሬሞ በምትባለው የካዚኖ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ምግብ ቤት፣ ባለቤቱ ራሱ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ከወጥ ቤት ወጥቶ እጄን ጨብጦኛል። ይህን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ እንዳንተ የሚበላ ሰው አላየሁም ብሎ በአደባባይ መስክሮልኛል። ከዘራችን እንዲህ የተከበረ ሰው ካለ ጥሪልኝ። እሺ፣ እውነቱን ካልሽ የጨበጠኝ በሩን ሊዘጋ ፈልጎ ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን። ቢሆንም ጨብጦኛል። ለምን ያን ያህል እንደተቀመጥኩ ላስረዳሽ ነው የምጽፈው።

ስደውልልሽ ታነሺዋለሽ፣ ትንፋሼን ስትሰሚ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ እንደ ስልክ አይዘጋም። ትቀጂው ይሆናል እንጂ፣ ስትቀጂው እንኳ አንድ ሁለት ቃል ዓይንሽ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ጽሕፈቱን አይተሽ ማን ጻፈለት እንደምትዪ አውቃለሁ። ማንም። በገዛ እጄ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ መምህርት ሮሐ የምትባል ሴት እንደኔ ጢሙ እየሸበተ ፊደል ያልቆጠረውን ሁሉ ሰብስባ ከሥራ በኋላ ታስተምራለች። ባሏ እዚህ ሮም ካሉት የዓለም የምግብ ድርጅቶች በአንዱ ትልቅ ሰው ነው፤ እሷ ግን ጠመኔ ካልያዘች ቀኑ አይመሽላትም። የአማርኛውን ስንጨርስ የጣልያኑንም ፊደል ጨመረችልን። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሥራ በዝቶባቸው ስላቋረጡ ሁለተኛ የሚባል አልነበረም፣ ግን አንደኛ አንደኛ ነው። የደብዳቤውን ሰላምታ ብቻ አሳይቻት ጥቂት ቦታ በቀይ አርማ መልሳልኛለች። ከሰላምታው በታች ያለውን ካንቺ በቀር ማንም አላየውም።

በሐሳቤ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ለእማዬ ነበር። አንቺ እያነበብሽላት፣ እሷ በየመሐሉ እያቋረጠችሽ።

እንግዲህ ወደ ፎቶው ልምጣ። እማዬ በተቀበረችበት ቅዳሜ፣ አንቺ አፈሩን አልብሰሻት ተመልሰሽ ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ስትቀመጪ፣ የጎረቤት ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንቺ ጋ ደረሰ። ስልኩ ላይ እኔ አለሁ። አንገቴ ላይ እንደ ሕፃን ነጭ ጨርቅ ታስሮልኛል። ጋምቤሮ የሚሉትን ቀይ፣ ባለ ረጅም ጢም የባሕር ፍጥረት በከንፈሬ ይዤ ዓይኔን አፍጥጬ እስቃለሁ። ከሥሩ፣ «ሳንሬሞ ላይ ዓለሜን እየቀጨሁ ነው» ይላል። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ሴት፣ እናቱ አፈር ስትለብስ ልጅየው ቁማር ከተማ ሄዶ ተባይ ይበላል ማለቷን አጎታችን ነግሮኛል።

እዚህ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ተስፎም ደውሎ፣ «አላወቀም፣ እኔ ልሙት አላወቀም፣ እኛ ደብቀነው ነው» ብሎ ማለልሽ። አንቺም፣ «እሺ፣ አላወቀም እንበል» ብለሽ ዘጋሽበት። ይህን ሁሉ ያስጻፈችኝ ያቺ «እንበል» ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸቴ ገና ከበር ሲገባ ይሸትሽ ነበር። አሁንም ሸትቶሻል። ልክ ነሽ።

እዚህ ሰው ወሬ ሲጀምር «አሎራ» ይላል። አሎራ።

ዓርብ በማለዳ ከተስፎም ጋር የምንሠራበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። እሱ ፓስታ ይቀቅላል፣ እኔ ድስት አጥባለሁ። ለእናንተ ዋና ወጥ ሠሪ ነኝ ማለቴን አልረሳሁትም። ተስፎም የኤርትራ ልጅ ነው፣ ያደገው ግን መርካቶ ነው። ባሕሩን በአንድ ጀልባ ነው የተሻገርነው። ከፓስታው ሌላ ዋና ሥራው እኔን መስደብ ነው። አንድ ነገር አጋንኜ ካወራሁ፣ «ያንተን ምላስ ለባቡር ሐዲድ ቢያነጥፉት ሚላኖ ደርሶ ይተርፋል» ይለኛል። ያን ቀን ስልክ ተደውሎለት ወጣና ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆንክ ስለው ሽንኩርት ነው አለኝ። ሽንኩርቱን የላጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቀጥሎ ከአለቃችን ጋር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። አለቃችን መጥቶ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ቅዳሜና እሑድ እረፍት ነህ አለኝ። እታለም፣ ምግብ ቤት ለሚሠራ ሰው ቅዳሜን እረፍት መስጠት ለቄስ በጥምቀት ዕለት እረፍት እንደመስጠት ነው። ምን ተገኘ ስል ተስፎም ቀልጠፍ ብሎ፣ «ፊደል ጨርሰህ የለ? ምረቃህ ነው። ሳንሬሞ ካዚኖ ገብቼ ባላዘጋው ስትል አልነበር? በል ተነስ እንሂድና አዘጋው» አለኝ። እኔም አመንኩ። እንዲያውም እንደዘገየብኝ ነው የቆጠርኩት።

አራት ሆነን ሄድን። መኪናው የጋሽ መዝገቡ ነው። ጋሽ መዝገቡ በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ፤ ሮም ውስጥ ሐበሻ ሲታመምም ሲያገባም ሲጣላም መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸውን ነው። አራተኛዋ የተስፎም ሚስት ሰመረት ናት። አንዲት ጣልያን አሮጊት ትጦራለች፣ እሑዷን እንኳ በልመና ነው የምታገኛት። እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ለኔ ምረቃ ሲነሱ ትንሽ እንኳ አልጠረጠርኩም። የኔን ነገር ታውቂዋለሽ።

ሳንሬሞ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ባሕሩ ላይ ነበረች። መንገዱ ሁሉ ዘንባባ ነው፤ ካዚኖው ነጭ ሆኖ እንደ ሠርግ ኬክ ተቀምጧል። እራት አሮጌው ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥተን አንዲት ትንሽ ቤት ገባን። ድሮ ምግብ ቤት ስገባ ሜኑውን ይዤ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ ገለጥ ገለጥ አደርግና «ለኔም እንደሱ» ነበር የምለው። አንድ ጊዜ እንደሱ ያልኩት ሰውዬ ጥርሱን አስነቅሎ የመጣ ነበርና ሁለታችንም ሾርባ ጠጥተን ወጣን። ያን ቀን ግን አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እየነጣጠልኩ። አስተናጋጇ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትኩ። ሌላ ጊዜ ስሳሳት «ጠመኔ አምጡለት» የሚለው ተስፎም አጨበጨበልኝ።

ቀጥሎ ቀልድ ጀመርኩ። የቀልድ ሰው ነኝ፣ ሰው የት ላይ መሳቅ እንዳለበት አውቃለሁ። እነሱ ግን ገና መግቢያው ላይ ሳቁ። ሌላ ጨመርኩ፣ እሱም ላይ ቀድመውኝ ሳቁ። ጋሽ መዝገቡ እንኳ፣ ፈገግታቸውን ለበዓል የሚያስቀምጡት ሰው፣ ጥርሳቸው ታየ። ፊደል መቁጠር ቀልድም ያሻሽላል ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ምሳ አሮጌው ወደብ ዳር ተቀመጥን። ጀልባዎቹ አጠገባችን ይወዛወዛሉ። ጋሽ መዝገቡ ካቶሊክ ስለሆኑ ባሕር ያወጣውን ሁሉ ይበላሉ። ሰመረት ደግሞ እሳቸው ያዘዙት የጋምቤሮ ሳህን ሲመጣ ፊቷን አዙራ፣ «ጋሽ መዝገቡ፣ ይሄ እኮ ያይዎታል» አለቻቸው። ለእኛ ዓሣ መጣ። ጨዋታው ደመቀ ስል የጀልባውን ታሪክ አነሳሁ።

ይህን ታሪክ አንቺም ታውቂዋለሽ። ካፒቴኑ ፈርቶ ሲተኛ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኮከብ እየቆጠርኩ፣ ማዕበሉን በቁጣ እያስፈራራሁ ጣልያን ደጃፍ አቆምኳት፤ የባሕር ጠባቂዎቹም ተሰልፈው ሰላምታ ሰጡኝ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ተስፎም ያቋርጠኛል። «አንተ ሸራ ሥር ተጠቅልለህ በገዛ ጫማህ ውስጥ ስታስመልስ አልነበር?» ይላል፣ ሰው ሁሉ ይንከባለላል። ታሪኩ ያለ እሱ ስድብ አያልቅም፣ የሁለታችን ነው። ያን ቀንም ቦታውን ትቼለት ዝም አልኩ።

ተስፎም አቀርቅሮ ዓሣውን በሹካ እየበታተነ፣ «እውነቱን ነው። እሱ ባይኖር አንደርስም ነበር» አለ።

ሹካዬ አየር ላይ ቀረ። እታለም፣ ተስፎም እኔን አይደለም፣ የአየር ሁኔታ የሚያወራውን ሰውዬ እንኳ ሳይከራከር አያምንም። እንዲህ የሚከበረው ወይ ሬሳ ነው፣ ወይ የሬሳ ባለቤት። እኔ እንደሆንኩ ዓሣ እየበላሁ ነው።

ማን ይሆን አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ነው ሌላው ነገር የመጣልኝ። ከሮም ከወጣን ጀምሮ ማንም ሰው «በናትህ» አላለኝም። እኛ እኮ በናትህ ውሃ አቀብለኝ፣ በናትህ መስኮቱን ዝጋው፣ በናትህ ዝም በል ሳንባባል አንድ ፌርማታ አንጓዝም። ያን ሁሉ መንገድ ግን «እባክህ» ሲሉኝ ነው የመጡት፣ እንደ ባንክ ቤት ሰው። ልሞክራቸው ብዬ ሳህኔን ገፋ አደረግኩና ጠገብኩ አልኩ። ሰመረት ዓሣውን ከአጥንቱ ለይታ በዳቦ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ኧረ አንዲት ጉርሻ ብቻ፣ በና...» አለችና ዋጠችው። ጋሽ መዝገቡ ቀና ብለው አዩዋት። «በማርያም» አለች። «በማርያም ብላ።» አፌን ከፍቼ ጎረስኩላት።

ለኔ እማዬ የሞተችው እዚያ ጋ ነው። እዚያች ጉርሻ ላይ።

«ምን ሆናችኋል?» ብል በቂ ነበር። የሦስቱም አፍ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም። ወጉን አንቺ አታጪውም፤ ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም። አስቀድመው ያበሉታል፣ ያስተኙታል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው ይነግሩታል። እነሱም ያን ነበር ያሰቡት። ተርሚኒ አካባቢ ብቆይ ያገኘኝ ሐበሻ ሁሉ ፊቱ ይነግረኝ ነበር። ሰዉም ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ስለሆነ ሰኞ እስኪሰበሰብ ድረስ ማንም ወደማያውቀኝ ከተማ ወሰዱኝ። ይህ ሁሉ በኋላ የነገሩኝ ነው። እኔ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እየበላሁ እስከሆነ ድረስ አይነግሩኝም። እነሱ እስካልነገሩኝ ድረስ እማዬ ሳሪስ አልጋዋ ላይ ናት፣ ትራሷን እያስተካከልሽላት ነው።

ስለዚህ በላሁ።

የጣልያን ምግብ ደግሞ እንደዚህ ላለ ሰው የተሠራ ነው፣ አያልቅም። አፍ መክፈቻ አለው፣ ከዚያ ፕሪሞ የሚሉት ፓስታው ይመጣል፣ ከዚያ ሰኮንዶ ተብሎ ሥጋው ወይ ዓሣው፣ አትክልቱ ለብቻው፣ ጣፋጩ ለብቻው፣ ቡናው፣ ከቡናው በኋላ ደግሞ ሆድ ያፍታታል የሚሉት መራራ መጠጥ። ሳጥብ የኖርኩት ይህን ሁሉ ሳህን ነው፣ ቀምሼው ግን አላውቅም ነበር። ሜኑውን መልሱልኝ አልኩ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኩት፣ አስተናጋጁን ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ በምን ይሠራል እያልኩ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው መሆኔ ያን ቀን ጠቀመኝ።

ፎቶውም ያን ጊዜ ነው። አዎ፣ ካወቅኩ በኋላ ነው።

ጋሽ መዝገቡ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም ነበር። ያወቅኩ ከመሰላቸው እዚያው ሳህን መሐል ይነግሩኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያን ነጭ ጨርቅ እሰሩልኝ አልኩ። አንዷን ጋምቤሮ ከሳህናቸው አንስቼ በከንፈሬ ያዝኩ። አልበላኋትም፤ ሰመረት ምስክሬ ናት፣ «ጣላት፣ ጣላት» እያለች ነበር። ተስፎምን ፎቶ አንሳኝ አልኩት። ስልኬ ከሮም ጀምሮ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ካዚኖ በር ላይ ይቀማሉ፣ እኔ ጋ ይሁን ብሎ ወስዶብኝ። ካነሳኝ በኋላ፣ «በል አምጣው፣ በገዛ እጄ ልጻፍበት፣ ለዚህ አይደል የተማርኩት» አልኩት። ምን ብሎ ይከልክለኝ? ሰጠኝ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

ከላይ መልእክት ተደርድሮ ነበር። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ እታለም። ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የአውቶቡስ ትኬት ጀርባ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የአሳንሰር ማስጠንቀቂያ ሳላነብ አላልፍም። የተጻፈ ነገር አይቼ አላነብህም ብዬ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓይኔን ፎቶው ላይ ተክዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ ለጠፍኩት፣ ስልኩን መለስኩለት። ተስፎም ተነፈሰ። ሰመረት ሳቀች። ጋሽ መዝገቡ ወይን ቀዱልኝ።

የቀብሩ ሰዓት መሆኑን አላወቅኩም። እንዲህ በአንድ ሰዓት ላይ ይገጣጠማል ብዬ አላሰብኩም። ግን እናቴ መሞቷን እያወቅኩ ነው ያን ፎቶ የተነሳሁት። ተስፎም የማለልሽ እውነት መስሎት ነው፣ እሱን አትቀየሚው። ያቺን «እንበል» ግን አውጪያት፣ አታስፈልግሽም።

አመሻሽ ላይ ካዚኖ ገባን። ምንጣፉ እግር ይውጣል። ሰዉ ጠረጴዛ ከቦ እንደ ጸሎት ቤት ዝም ብሏል። ተስፎም ክርኔን እየነካ፣ «በል አንበሳው፣ አዘጋው» አለኝ። ያን ቀን ግን ከዕድል ጋር መነጋገር አልፈለግኩም። መጀመሪያ እራት አልኩ። ካዚኖው ራሱ ምግብ ቤት አለው፣ አስተናጋጆቹ ጓንት ያደርጋሉ። እዚያ ተቀምጬ፣ ሾርባው ሳይመጣ፣ ስለ እማዬ ማውራት ጀመርኩ። በሕይወት እንዳለች አድርጌ። የሚከለክለኝ ሰው አልነበረም፣ ሊያርሙኝ አይችሉም።

አንቺ የተመረቅሽ ዕለት ስታዲየም አጠገብ ያለው ምግብ ቤት የወሰድሻትን አወራኋቸው። ትዝ ይልሻል? በሕይወቷ ምግብ ቤት የገባችው ያን ቀን ብቻ ነው። አስተናጋጁ ትሪ ተሸክሞ ሲመላለስ ልቧ አልችል ብሎ፣ «ልጄ ይከብድሃል፣ ቁጭ በልና አንዴ ጉረስ» ብላ እጁን ያዘችው። በልተን ስንጨርስ የእኛን ሳህን ብቻ መች ሆነና፣ የጎረቤት ጠረጴዛውንም ሰብስባ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። አንቺ በዚያ ጥቁር ካባሽ ውስጥ ልትሞቺ ደረስሽ። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ልጄ ተመረቀች እያለች ስታስመርቅሽ አገኘናት። እኔ ድስት በማጥብበት ቤት ሁሉ፣ ሳህን ይዞ የሚገባ ሰው ባየሁ ቁጥር ቀና እላለሁ አልኳቸው። ይህን የነገርኩት ሊስቁ ነው፤ መሳቂያ ቦታው ጥሩ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሰመረት እጄን ልታጠብ ብላ ተነሳችና ጣፋጩ እስኪመጣ አልተመለሰችም።

እሑድ ምሳ ባለቤቱ እጄን የጨበጠኝ ቤት ነው። አፍ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ አዘዝኩ። ፓስታ፣ ከዚያ አስተናጋጁ ጥንቸል አለ ሲለኝ ጥንቸሉን ተውና በግ አምጣ አልኩት፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ አይስክሬም። ሆዴ ከበሮ ሆኖ ነበር። ተስፎም፣ «አንተ ልጅ ትታመማለህ» ሲለኝ፣ ዛሬም እዚሁ እንደር አልኩ። ጋሽ መዝገቡ ሳያስቡት፣ «አይሆንም ልጄ፣ ነገ ጠዋት ሰው ይጠብቀናል» አሉ። ማነው የሚጠብቀን አልኳቸው። «ሥራ» አሉኝ። እሳቸው ከዚያ በፊት ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ማንኪያዬን ከአይስክሬሙ ሳላነሳ በጣም አዘንኩላቸው። ቫ ቤኔ፣ ይሁን እሺ አልኩና ተነሳሁ። ተነስቼ መቆሜ ነው የከበደኝ፣ ከምግቡ ይልቅ።

ሮም እስክንደርስ ኋላ ወንበር ላይ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ መጣሁ። የምኖርበት ሰፈር፣ ፖንቴ ማሞሎ፣ በሬ ላይ ሲያወርዱኝ ተስፎም አቀፈኝ፤ እኛ እኮ ተቃቅፈን አናውቅም።

ወደ ክፍሌ ከመግባቴ በፊት ከጎረቤቶቼ ወንበር ለመንኩ። ያለኝ አንድ ወንበር ነው፣ ሰው ብዙ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግድግዳውን አስደግፌ ደረደርኳቸው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር፣ ቀስ ብሎ፣ እየተጠባበቀ ሲወጣ ሰማሁ። በሩን አልቆለፍኩትም ነበር። ቄሱ ገቡ፣ ጋሽ መዝገቡ፣ ተስፎም፣ ሰመረት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከኋላቸው የማውቃቸውም የማላውቃቸውም። ጋሽ መዝገቡ ወንበሮቹን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ተቀመጡ፣ ለሌሎቹም ተቀመጡ ብለው በእጃቸው አመለከቱ። ስለ ወንበሮቹ እስከ ዛሬ አንስተውብኝ አያውቁም።

ነገሩኝ። እኔም ልጅ ለእናቱ እንደሚገባው ጮህኩ። ደረቴን ደቃሁ፣ መሬት ወደቅኩ፣ ሳላይሽ፣ ሳልቀብርሽ እያልኩ አለቀስኩ። ተስፎምና ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ እንኳ አልቻሉኝም። ከታች የምትኖረው ጣልያን ሲኞራ ምን መጣ ብላ በሌሊት ልብሷ ወጥታ፣ ነገሩን ስትሰማ እሷም በሬ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ይኸው ነው። አርባዋ እየቀረበ ነው። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ስለሆነ ከዚህ ንቅንቅ ማለት አልችልም። ለድሆች ምሳ ስትሰጪ አንድ ሰው በእጅሽ አጉርሺልኝ፤ ማንም ይሁን፣ አጉርሺና በልብሽ ይሄ የታናሼ ነው በዪ። የእማዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አንቺንም እሷን ላስታመምሽበት እጅ አምላክ በጤና ይክፈልሽ። ልጆችሽ እርጅናሽን ይጡሩሽ፣ ቤትሽ ሰው አይጉደልበት።

ልፈርም ብዬ ብዕሩን ሳነሳ አልሆን አለኝ። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን ነገር ፈጥሬዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አልጮህኩም። ሲኞራዋም አልመጣችም፣ ተኝታ ነበር። ተስፎም ስወድቅ ሊይዘኝ ክንዱን አዘጋጅቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ የሚያዝ ሰው ግን አላገኘም። ቄሱ ነገሩኝ፣ እኔ «እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። እዚያ የተቀመጡት ሁሉ አለቀሱልኝ፣ አምላክ ብድራቸውን ይክፈል፤ ግን አንዳቸውም እማዬን አያውቋትም። ስሟን እንኳ ከቄሱ ነው የሰሙት። ከማያውቋት ሰዎች ጋር ለቅሶ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅኩበትም። እስከ ዛሬም እንደ ድንጋይ ነኝ።

ቀጣዩን ስልክ አንሺው። ምንም አትናገሪ፣ ይቅርም አትበዪኝ። ብቻ አትዝጊው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እጀምረዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ